ብርሃን ለዓይን መድኃኒት የሆነበት ታሪክ



ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል ከቃል ገጥማችሁ፣ ይኸው ዛሬ ይህን ጽሑፍ ለማንበብ በቅታችኋል። ፊደል የሚቆጠረው ግን በዓይን ነው። ስለዚህ የዛሬው ጨዋታችን ስለ ዓይን ይሆናል። ዓይንን ከሚያጠፉ ሕመሞች አንዱ ግላኮማ ይባላል። ይህ ሕመም እንዴት እንደ ታወቀ፣ ሐኪሞች በመጀመሪያ በቢላዋ፣ ቀጥሎ በጠብታ፣ በኋላም ሌዘር በሚባል ብርሃን እንዴት እንደ ታገሉት ታሪኩን እናወጋችኋለን።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምታገኟቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ጠንከር ያለ ቃል ሲያጋጥማችሁ አትደንግጡ። ትርጉሙን እዚያው አጠገቡ ታገኙታላችሁ።

1. ግላኮማ ምንድን ነው?

በዓይናችን ውስጥ፣ በፊት ለፊቱ በኩል፣ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ፈሳሽ አለ። ይህ ፈሳሽ እንባ አይደለም። እንባ የሚፈሰው ከዓይን ውጭ ነው፤ ይህ ግን የሚገኘው በዓይን ውስጥ ነው። ፈሳሹ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ይመነጫል። ሳያቋርጥም ይወጣል። የሚወጣው በየት ነው? በብሌናችን ዙሪያ ጥቁር ወይም ቡናማ መልክ ያለው ክብ ነገር አለ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የዓይን ቀለበት እንበለው። ይህ ቀለበት ከነጩ የዓይን ክፍል ጋር በሚገናኝበት ጥግ ዙሪያውን ወንፊት የመሰለ ነገር አለ። ፈሳሹ የሚወጣው በዚያ ወንፊት ነው።

አትክልት ያጠጣችሁ ሁሉ የሚቀጥለውን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። ምንጩ እየፈሰሰ ሳለ ቦዩ በደለል ቢደፈን ምን ይሆናል? ውሃው ይጠራቀማል፤ ሞልቶም ወደ ማሳው ይገነፍላል። ዓይን ግን እንደ ኳስ ዙሪያውን የተዘጋ ነው። ፈሳሹ መገንፈያ የለውም። ስለዚህ በውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል። ግፊቱም ከዓይን ጀርባ ያለውን ነርቭ ይጎዳል። ነርቭ ማለት ዓይን ያየውን ወደ አንጎል የሚያደርስ፣ እንደ ስልክ ሽቦ ያለ ነገር ነው። ይህ ነርቭ ከሞተ በኋላ ተመልሶ አይድንም። ግላኮማ የምንለው ይህንን የነርቭ ጉዳት ነው። ግፊታቸው ከፍ ሳይል ነርቫቸው የሚጎዳ ሰዎችም አሉ። ቢሆንም ሐኪም ሊቀንሰው የሚችለው ግፊቱን ነው።

ግላኮማ ሁለት ዋና ዋና ዓይነት አለው። አንደኛው ቀስ በቀስ የሚመጣው ነው። በዚህ ጊዜ በሩ ክፍት ነው፤ ወንፊቱ ግን ጥቂት በጥቂት ይደፈናል። አያምም፤ አያቀላም፤ አያሳክክም። ዕይታን የሚወስደው ከዳር ዳር ጀምሮ ነው። አንዱ ዓይን ሲደክም ሌላው ይሸፍንለታል። ሰውዬው ፊት ለፊት ስለሚያይ ደኅና ነኝ ይላል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ሕመም ነው።

ሁለተኛው በድንገት የሚመጣው ነው። የዓይን ቀለበቱ ወደ ፊት ተገፍቶ ወንፊቱ ላይ ይለጠፍና በሩን ይዘጋዋል። ግፊቱ በሰዓታት ውስጥ ያሻቅባል። ዓይን ይቀላል፤ ከባድ ሕመም ይሰማል፤ ያስመልሳል፤ በመብራት ዙሪያ የቀስተ ደመና ቀለም ይታያል። እንዲህ ያለ ሰው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

እነዚህን ሁለት ዓይነቶች ልብ በሉ። በታሪኩ ውስጥ ተመልሰው ይመጣሉ።

2. ሁለት ሕመም በአንድ ስም

ግላኮማ የሚለው ቃል የመጣው ከግሪክ ቋንቋ ነው። ከ2,000 ዓመት በፊት የነበሩ የግሪክ ሐኪሞች ብሌኑ ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ዓይን ሲያዩ ከዚሁ ቃል ጋር በተዛመደ ስም ይጠሩት ነበር። ይሁን እንጂ ስሙ አንድን ሕመም ብቻ ለይቶ አያመለክትም ነበር። ግላኮማና የዓይን ሞራ ለብዙ መቶ ዓመታት ተደባልቀው ኖሩ።

ሞራ ምንድን ነው? ከብሌናችን ኋላ እንደ መስታወት የጠራ ሌንስ አለ። ሌንስ ማለት ብርሃንን ወደ አንድ ቦታ የሚሰበስብ ነገር ነው። ይህ ሌንስ ሲደፈርስ ሞራ ይባላል። በ1705 ብሪሶ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የሞተ ሰው ዓይን ከፍቶ ሲመረምር ሞራ ማለት የደፈረሰ ሌንስ መሆኑን አየ። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ሕመሞች ቀስ በቀስ እየተለዩ ሄዱ። በ1830 ማኬንዚ የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም በግላኮማ የተያዘ ዓይን በጣት ሲነካ እንደሚጠጥር ጻፈ። በ1851 ደግሞ ሄልምሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የሕያው ሰው ዓይን ጀርባ የሚታይበትን መሣሪያ ለዓለም አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች የተጎዳውን ነርቭ በዓይናቸው ማየት ቻሉ።

የስም ነገር ይህን ያህል ለምን ያስጨንቃል? ትሉ ይሆናል። ሞራ ያለበት ሰው ዓመት ቆይቶ ቢታከም፣ የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሌላ ሌንስ ሲገባለት እንደገና ያያል። በግላኮማ የጠፋ ዕይታ ግን አይመለስም። ስለዚህ ግላኮማ የያዘው ሰው «ሞራ ነው፤ ይብሰልና እታከማለሁ» ብሎ ቢቀመጥ፣ እሱ ሲጠብቅ ነርቡ ያልቃል። የሁለቱ ሕመሞች ስም መለየቱ የሰው ዓይን የሚያድን እውቀት ነው።

3. በቢላዋ የተከፈተ በር

በበርሊን ከተማ አልብረኽት ፎን ግሬፈ የሚባል የዓይን ሐኪም ነበር። በ1857 ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ለግላኮማ የሚሆን ቀዶ ሕክምና አገኘሁ ብሎ ጻፈ። ያደረገው ምንድን ነው? ዓይንን በስለት ከፍቶ ከዓይን ቀለበቱ ላይ ጥቂት ቆርጦ አወጣ። በድንገተኛው ግላኮማ የተያዙ ሰዎች ግፊታቸው ወረደ፤ ሕመማቸው ቆመ፤ ዓይናቸውም ተረፈ። ከዚያ በፊት ግላኮማ የያዘው ሰው ተስፋ አልነበረውም። በዚያ ዘመን ይህ ታላቅ ነገር ነበር።

ግን አንድ እንቆቅልሽ ቀረ። ይኸው ቀዶ ሕክምና ቀስ በቀስ በሚመጣው ግላኮማ ላይ ብዙም አልሠራም። ለምን? ፎን ግሬፈ ራሱ አላወቀውም። መልሱ ሰማንያ ዓመት ያህል ቆይቶ ተገኘ። ኦቶ ባርካን የተባለ የአሜሪካ ሐኪም በልዩ መስታወት የዓይኑን ጥግ እየተመለከተ፣ በ1938 ጥጉ የተዘጋበትንና ጥጉ ክፍት የሆነበትን ግላኮማ ለይቶ አስረዳ። በሩ ለተዘጋበት ዓይን በቀለበቱ ላይ ሌላ መተላለፊያ መክፈት ይጠቅመዋል። ወንፊቱ ለተደፈነበት ዓይን ግን በር መክፈት ምን ያደርግለታል? በሩማ ድሮውንም ክፍት ነበር!

በቢላዋ ዓይንን መክፈት ሁልጊዜም አደጋ አለው። ዓይን ሊደማ ይችላል፤ ሊያመረቅዝ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች ሌላ መንገድ መፈለጋቸውን አልተዉም።

4. ከአፍሪካ የሄደ ባቄላ

ሌላው መንገድ የመጣው ከአፍሪካ ነው። ዛሬ ናይጄሪያ በምትባለው አገር ካላባር የሚባል ቦታ አለ። በዚያ አንድ መርዘኛ ባቄላ ይበቅላል። በድሮ ጊዜ አንድ ሰው በወንጀል ወይም በጥንቆላ ሲጠረጠር ይህን ባቄላ ይሰጡት ነበር። ካስመለሰውና ከተረፈ ንጹሕ ነው ይባላል። ከሞተ ጥፋተኛ ነበር ይባላል። ባቄላው በሚሲዮናውያን በኩል ስኮትላንድ ደረሰ። በ1863 አርጋይል ሮበርትሰን የተባለ የኤድንበርግ ሐኪም የባቄላው ጭማቂ ዓይን ውስጥ ሲገባ ብሌንን እንደሚያጠብ አስታወቀ።

ይህን መድኃኒት ለግላኮማ ያዋለው ሉድቪክ ላክቨር ነው። ላክቨር በሽትራስቡርግ ከተማ የዓይን ሐኪም ነበር። ራሱም የግላኮማ ሕመምተኛ ነበር። በ1876 ከባቄላው የተሠራው ጠብታ የዓይን ግፊትን እንደሚቀንስ ጻፈ። ሰውን ለመፍረድ ይሰጥ የነበረ መርዝ፣ መጠኑ ሲታወቅ ለዓይን መድኃኒት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት ጠብታዎች ተገኙ። በ1978 ቲሞሎል የሚባለው ጠብታ በአሜሪካ ተፈቀደ። ይህ ጠብታ የምንጩን ፍሰት ይቀንሳል። ጠብታ ጥሩ ነው። ነገር ግን ችግር አለው። በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ መጨመር አለበት። መድኃኒቱ ሲያልቅ መግዣ ሊጠፋ ይችላል። ሕመሙ ስለማያምም ሰው ጠብታውን ይረሳል። ገበሬ ለእርሻ፣ ነጋዴ ለገበያ ወጥቶ ሲሰነብት ጠብታው ቤት ይቀራል። ጠብታው በተቋረጠ ጊዜ ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል።

5. ፀሐይን ከጣሪያ ላይ የሳበው ሐኪም

አሁን ወደ ብርሃን መጣን።

በሐምሌ 1945 በአውሮፓ የፀሐይ ግርዶሽ ሆነ። ግርዶሹን በባዶ ዓይናቸው ያዩ ሰዎች የዓይናቸው ጀርባ ተቃጠለ። ጌርሃርት ማየር ሽቪከራት የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም በዚህ የተጎዳ አንድ ተማሪ መረመረ። በዓይኑ ጀርባ ላይ አንድ ትንሽ ጠባሳ አየ። ሌላ ሰው ቢሆን «ምስኪን!» ብሎ ያልፍ ነበር። እሱ ግን ጠየቀ። ፀሐይ ዓይንን ሳትከፍተው ውስጡን ካቃጠለች፣ እኛስ ብርሃንን ወደምንፈልገው ቦታ ልከን የተቀደደውን መጠገን አንችልም ወይ? አለ።

በሐምቡርግ ከተማ በሐኪም ቤት ጣሪያ ላይ መሣሪያ ተከለ። የፀሐይን ብርሃን በመስታወት እየሳበ ወደ ሕመምተኛው ዓይን አስገባ። በ1949 የዓይናቸው ጀርባ ሽፋን የተቀደደባቸውን ሰዎች በዚህ መንገድ ማከም ጀመረ። ችግሩ ደመና ነው። ሐምቡርግ ደመና የሚበዛባት ከተማ ናት። ፀሐይ በጠፋች ቀን ሕክምናው ይቆማል። ስለዚህ በ1950ዎቹ ከዛይስ ፋብሪካ ጋር ሆኖ በጣም ብርቱ በሆነ መብራት የሚሠራ መሣሪያ አወጣ።

በዚያ መብራት የዓይን ቀለበቱን ለመብሳት፣ ማለትም ፎን ግሬፈ በቢላዋ የሠራውን በብርሃን ለመሥራት ሞከረ። ግን የመብራቱ ብርሃን ሰፊ ነበር። ቀለበቱን ሲበሳ አጠገቡ ያለውን ሌንስና የዓይኑን የፊት ሽፋን ያቃጥል ነበር። መርፌ ለሚያስፈልገው ሥራ ዶማ እንደ መያዝ ነው። ከዚያ የቀጠነ ብርሃን አስፈለገ።

6. ሌዘር ተወለደ

ግንቦት 16 ቀን 1960 ቴዎዶር ማይማን የተባለ የአሜሪካ ሳይንቲስት በካሊፎርኒያ የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ። ሩቢ ከሚባል ቀይ ዕንቁ የተሠራች፣ ከጣት የማትበልጥ ዘንግ ወሰደ። በዙሪያዋ ብርቱ መብራት ጠመጠመ። መብራቱ ብልጭ ሲል ከዘንጓ ጫፍ ቀይ ብርሃን ወጣ።

ይህ ብርሃን ከሌላው በምን ይለያል? የገበያ ቀን ሲበተን ሕዝቡን ተመልከቱ። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ እየሮጠ፣ ሌላው እያዘገመ ይበታተናል። የኩራዝና የአምፑል ብርሃን እንደዚያ ነው። አሁን ደግሞ በሰልፍ የሚሄዱ ሰዎችን አስቡ። ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰዋል፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ እርምጃ ይሄዳሉ። ሌዘር እንደዚህ ነው። አንድ ቀለም፣ አንድ አቅጣጫ፣ አንድ እርምጃ። ስለዚህ ከፀጉር ባልወፈረች ነጥብ ላይ ሊሰበሰብ ይችላል።

ሌላም ጥቅም አለው። የዓይን የፊት ሽፋን እንደ መስታወት የጠራ ነው። ብርሃን በጠራ ነገር ውስጥ ሳያቃጥል ያልፋል። በጥቁር ነገር ላይ ሲያርፍ ግን ያሞቃል። ጥቁር ልብስ በፀሐይ እንደሚግል ታውቃላችሁ። እንደዚሁም ሌዘር የፊቱን ሽፋን አልፎ፣ በውስጥ ያለው ጥቁር ወይም ቡናማ ሥጋ ላይ ሲደርስ ሥራውን ይሠራል። ቢላዋ ውስጡ ለመድረስ የግድ ውጭውን መቅደድ አለበት። ብርሃን ግን በር ሳይሰብር ይገባል።

ሌዘር ከተወለደ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በታኅሣሥ 1961፣ በኒው ዮርክ የአንድ ሕመምተኛ የዓይን ጀርባ እጢ በሌዘር ታከመ። በ1964 ደግሞ አርገን በሚባል ጋዝ የሚሠራ ሌዘር ተፈለሰፈ። ብርሃኑ ሰማያዊና አረንጓዴ ነው። በ1968 የዓይን ሐኪሞች ይህን ሌዘር ሰው ላይ መጠቀም ጀመሩ።

7. ሌዘርና ወንፊቱ

የመጀመሪያው ሐሳብ ቀላል ነበር። ወንፊቱ ተደፍኗልና በብርሃን እንብሳው የሚል ነው። በሞስኮ ሚካኤል ክራስኖቭ የሚባል ሐኪም እጅግ አጭር በሆነ የሌዘር ብልጭታ ወንፊቱን በሳ። ሥራውን በ1973 ለዓለም አሳተመ። ግፊቱ ወረደ። ምን ያደርጋል! ሥጋ ሲበሳ መልሶ ይገጥማልና የተበሳው ቀዳዳ ከጊዜ በኋላ ይዘጋ ጀመር።

በ1974 ደግሞ አንድ አስደንጋጭ ነገር ታየ። በአሜሪካ ተመራማሪዎች የጦጣዎችን ወንፊት በአርገን ሌዘር ደጋግመው አቃጠሉ። የጦጣዎቹ ዓይን ግፊት ጨመረ። ሌዘሩ ሲበዛ ራሱ ግላኮማ አመጣ ማለት ነው! ሐሳቡ በዚህ ሊቀር ይችል ነበር።

አልቀረም። ጄምስ ዋይዝና ስታንተን ዊተር የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሐኪሞች ነገሩን በሌላ በኩል አሰቡት። ቆዳ ወደ እሳት ሲጠጋ እንደሚኮማተር አይታችኋል። አንዱ ቦታ ሲኮማተር አጠገቡ ያለውን ይስባል፤ ይወጥራል። የወንፊት ክር ሲላላ ቀዳዳው ይጨፈለቃል፤ ሲወጠር ግን ይከፈታል። ስለዚህ ሐኪሞቹ ወንፊቱን መብሳት ትተው በዙሪያው መቶ ያህል ደቃቅ ትኩሳቶች አሳረፉበት። የአንዱ ነጥብ ስፋት አንድ ሚሊ ሜትር ለሃያ ቢካፈል የአንዱ ድርሻ ነው። ግፊቱ ወረደ። በ1979 ይህን ባሳተሙ ጊዜ ቀስ በቀስ ለሚመጣው ግላኮማ የሌዘር ሕክምና በር ተከፈተ።

በድንገተኛው ግላኮማ በኩልም ሥራው ቀጠለ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሐኪሞች በዓይን ቀለበቱ ላይ በሌዘር ትንሽ ቀዳዳ መክፈትን ለመዱ። በተለይ ያግ የሚባለው ሌዘር በ1980ዎቹ ሲመጣ ሥራው ቀለለ። ፎን ግሬፈ በቢላዋ የከፈተው በር አሁን ያለ ቢላዋ ተከፈተ። ሌላው ዓይን ገና ሳይታመም አስቀድሞ ቀዳዳ ማበጀትም ተቻለ።

የዋይዝና የዊተር ዘዴ ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። ትኩሳቱ ጠባሳ ይተዋል። ጥቅሙም በጊዜ ብዛት ይደክማል። ጠባሳ በበዛበት ወንፊት ላይ ደግሞ መድገም ያስቸግራል። በ1990ዎቹ ማርክ ላቲና የተባለ የአሜሪካ ሐኪምና ባልደረቦቹ ሌላ ዘዴ አመጡ። ብልጭታውን እጅግ አሳጠሩት። አንድ ሴኮንድ ለአንድ ቢሊዮን ቢካፈል ከዚያ ሦስቱን ክፍል ብቻ ይቆያል። በዚህ አጭር ጊዜ ሙቀቱ ወደ ጎረቤት አይዛመትም። በወንፊቱ ውስጥ ጥቁር ቅንጣት የያዙትን ሕዋሳት ብቻ ይነካል። ሕዋስ ማለት አካላችን የተሠራበት ደቃቅ ክፍል ነው። ይህ ዘዴ በ2001 በአሜሪካ ተፈቀደ። ጥቅሙ ሲደክም ሊደገም ይችላል።

8. ማስረጃው ምን አለ?

አንድ መድኃኒት አዲስ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ነው አይባልም። መፈተን አለበት።

በ1980ዎቹ በአሜሪካ 271 ሕመምተኞች ተመረጡ። የእያንዳንዱ ሰው አንድ ዓይን በመጀመሪያ በሌዘር፣ ሌላው ዓይን በመጀመሪያ በጠብታ ታከመ። የትኛው ዓይን በየትኛው ይታከም የሚለው በዕጣ ተወሰነ። ውጤቱ በ1990 ሲታተም በሌዘር የጀመረው ዓይን በጠብታ ከጀመረው አላነሰም። ቢሆንም በ1990ዎቹ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚጨመሩ ብርቱ ጠብታዎች መጡና ብዙ ሐኪሞች ሌዘርን ለሁለተኛ ደረጃ አስቀመጡት።

በ2019 ከእንግሊዝ አገር ሌላ ማስረጃ መጣ። 718 አዲስ ሕመምተኞች ግማሾቹ በአዲሱ ሌዘር፣ ግማሾቹ በጠብታ ሕክምና ጀመሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሌዘር ከጀመሩት ከመቶው 74ቱ ያህል ያለ ምንም ጠብታ ግፊታቸው እንደ ተጠበቀ ነበር። በሌዘር ከጀመሩት መካከል የግላኮማ ቀዶ ሕክምና ያስፈለገው አልነበረም። በጠብታ ከጀመሩት ግን 11 ዓይኖች ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው።

«ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው» እንዳትሉ፣ ወደ ጎረቤት እንምጣ። በታንዛኒያ፣ በኪሊማንጃሮ ተራራ ሥር፣ ሞሺ የምትባል ከተማ አለች። በዚያ ባለው ትልቅ ሐኪም ቤት 201 የግላኮማ ሕመምተኞች በዕጣ ተከፈሉ። ግማሾቹ ቲሞሎል ጠብታ፣ ግማሾቹ ሌዘር አገኙ። ውጤቱ በ2021 ታተመ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምናው የተሳካላቸው ዓይኖች በጠብታው ከመቶ 31፣ በሌዘሩ ከመቶ 61 ነበሩ። ጠብታ መግዛት በሚከብድበት፣ ሐኪም ቤት በሚርቅበት አገር ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። የሌዘር መሣሪያ ውድ ነው። ነገር ግን አንድ መሣሪያ ብዙ ሰው ያክማል። የጠብታ ጠርሙስ ግን ለአንድ ሰው ነው፤ እሱም በየወሩ ያልቃል።

9. እኛስ ምን እናድርግ?

በ2005 እና በ2006 በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ዓይነ ስውራን 50 ያህሉ ዓይናቸው የጠፋው በሞራ፣ 5 ያህሉ በግላኮማ ነበር። የሞራው ቁጥር ይበልጣል። ግን የሞራው ሰው ሊመለስ ይችላል፤ የግላኮማው አይመለስም።

ስለዚህ እነዚህን ነገሮች ያዙ።

አንደኛ፣ ዕድሜያችሁ 40 ሲሞላ ዓይናችሁን ተመርመሩ። በዚህ ዕድሜ ፊደል ሲደበዝዝባችሁ መነጽር ያስፈልጋችሁ ይሆናል። ለመነጽር ስትሄዱ የዓይን ግፊታችሁንም እንዲለኩላችሁ፣ ነርቫችሁንም እንዲያዩላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ አባት ወይም እናት፣ ወንድም ወይም እኅት ግላኮማ ካለባቸው እናንተ ከሌላው ይልቅ ቶሎ ተመርመሩ። ሕመሙ በዘር ይመጣል። ቀስ በቀስ የሚመጣው ዓይነት በጥቁር ሕዝብ ላይ ይበዛል፤ በለጋ ዕድሜም ይጀምራል።

ሦስተኛ፣ ጠብታ የታዘዘላችሁ ሰዎች ሐኪም ሳያዛችሁ አታቋርጡ። «ምንም አልተሰማኝም» ማለት ድኛለሁ ማለት አይደለም።

አራተኛ፣ ሌዘር በየከተማው አይገኝም። ግላኮማ አለባችሁ ከተባላችሁ ግን «ለእኔ ዓይን ሌዘር ይሆናል ወይ? የት ይገኛል?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ሌዘር ለሁሉም ሰው አይሠራም። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰውም አለ።

ሌዘር የሚያስፈራ ነገር አይደለም። ሕመምተኛው ይቀመጣል፤ አገጩን በመሣሪያው ላይ ያሳርፋል። ማደንዘዣ ጠብታ ይደረግለታል። ሐኪሙ ዓይኑ ላይ ትንሽ ሌንስ ይዞ በአጉሊ መነጽር እያየ ብርሃኑን ይልካል። ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ ግፊቱ ይለካል፤ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ዓይኑ ጥቂት ቀን ሊቀላ ወይም ሊደበዝዝ ይችላል። ከዚያም በኋላ በየጊዜው እየተመለሰ መታየት አለበት።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ቢላዋውም፣ ጠብታውም፣ ሌዘሩም የጠፋውን አይመልሱም። የሚጠብቁት የቀረውን ነው። ከቀረው ላይ ብዙ እንዲኖር ቶሎ መሄድ ያስፈልጋል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ይህን ያነበባችሁ ለማያነበው ጎረቤታችሁ አንብቡለት። በተለይ «ሞራዬ እስኪበስል» ብለው በቤት የተቀመጡ አባትና እናት ካሉ፣ ዛሬውኑ ንገሯቸው። ምናልባት የያዛቸው ሞራ ላይሆን ይችላል።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። ደኅና ሁኑ።

አንብባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ፦

1. ግላኮማና ሞራ በምን ይለያሉ? በየትኛው የጠፋ ዕይታ አይመለስም?
2. የፎን ግሬፈ ቀዶ ሕክምና ለአንዱ ዓይነት ግላኮማ ሠርቶ ለሌላው ያልሠራው ለምንድን ነው?
3. ሌዘር የዓይንን የፊት ሽፋን ሳያቃጥል ወደ ውስጥ የሚያልፈው እንዴት ነው?
4. በታንዛኒያ የተደረገው ጥናት ምን አሳየ?
5. በቤታችሁ ዕድሜው ከ40 በላይ የሆነ ማን አለ? ዓይኑን የተመረመረው መቼ ነው?